መስመሩ አልተቋረጠም ነበር

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ለአባቴም፣ ለአለቆቼም፣ ለሴት ጓደኛዬም። አንደኛው ውሸቴ ግን በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ከሆሳዕና አልፎ እስከ ሆመቾ፣ ዱራሜና ዳምቦያ ድረስ ተሰምቷል። የምነግራችሁ ስለዚያ ውሸትና ከእሱ በኋላ ስለነበረው አንድ ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል፣ ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሌ ቢከርርባችሁ ታገሡኝ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ የሃዲያ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ፍልስፍና ተማርኩና ተመልሼ በከተማችን በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ሎጂክ ማስተማር ጀመርኩ። ከዚያ ውጭ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ አነስተኛ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ነበረኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፍልስፍናን ያለ ትልልቅ ቃል፣ ባጃጅ ለሚነዳውም፣ ገበያ ላይ ለምትቸረችረውም እንደ ጨዋታ ማቅረብ። ግማሹን ሰዓት እኔ አወራለሁ፣ በቀረው አድማጮች እየደወሉ ይጠይቃሉ። በየሳምንቱ ስጀምር «ጠይቁ፣ እዚህ ቤት የማይጠየቅ ነገር የለም» እል ነበር።

ፕሮግራሙ ተወደደ። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ ዞሮ «መምህር ታምራት አይደለህም?» ይለኛል፤ ሒሳብ አልቀበልም የሚለኝም ነበር። እኔም ድምፄን መውደድ ጀመርኩ። አማርኛዬን ደግሞ ከድምፄ በላይ እወደው ነበር። አዲስ አበባ ስማር በአነጋገሬ የሚስቁብኝ ልጆች ስለነበሩ፣ ከቤት ያመጣሁትን ቅላፄ እየፋቅኩ አጥፍቼው ነው የተመለስኩት። ከገጠር የሚደውል ሰው «አንተ»ና «አንቺ»ን ሲያቀላቅል ማይኩን ዘግቼ ፈገግ የምል ሰው ሆኜ ነበር። የእናቴም አማርኛ እንደዚያው መሆኑን እያወቅኩ።

ፕሮግራሙ ስፖንሰር ነበረው። በከተማው የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ቆርቆሮ የሚለግስ፣ ሠርግም ለቅሶም የማይቀርበት ነጋዴ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያኔ ግን ከእኔ ሰላምታ በፊት የሱቁና የእሱ ስም ያለበት ማስታወቂያ በሙዚቃ ታጅቦ ይተላለፍ ነበር። ሰውየው ከሱቁ በስተጀርባ ልጆችን ወደ ሳውዝ ይልካል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ሳውዝ ማለት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ እዚያ የሌለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰማሁ፣ አልጠየቅኩም። ሥራዬ መጠየቅ ነው እያልኩ።

የዚያን ሐሙስ ርዕሴ ትዕግሥት ነበር። ጥንታውያን ፈላስፎች ያነሱትን አንድ ሐሳብ ይዤ ገባሁ፤ ሰውን የሚጎዳው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለ ደረሰበት ነገር የሚያስበው ነው የሚል። በምሳሌ አዋዛሁት። ሁለት ሰው አንድ ዝናብ ይመታቸዋል፤ አንዱ ይራገማል፣ ሌላው ይስቃል፤ ዝናቡ ግን አንድ ነው አልኩ። ከዱራሜ አንድ ሹፌር ደውሎ ጎማው ፈንድቶበት እንዴት እንደተረጋጋ አጫወተን። ሣቅን። ሣራ የምትባለው ቴክኒሺያናችን ከመስታወቱ ማዶ ቀጣዩን መስመር አገናኘችልኝ።

የሴት ድምፅ ነበር፤ ጠና ያለች፣ ቃል እየመረጠች የምትናገር። ከሆመቾ እንደምትደውል፣ ስሟ ዘነበች እንደሚባል፣ ሐሙስ ሐሙስ እንደምትሰማኝ ነገረችኝ። ዛሬ ያልኩት ስላልገባት ነው የደወለችው። ልጇ አበራ ወደ ሳውዝ ሲሄድ መንገድ ላይ ሞቷል። ከሌሎች ልጆች ጋር የተዘጋ መኪና ውስጥ አየር አጥሮት ነው። ሬሳው አልመጣም።

«አንተ የሚጎዳሽ የሆነው ነገር አይደለም፣ ሐሳብሽ ነው ትላለህ» አለች። «የትኛውን ሐሳብ ነው የምተወው?»

ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን ንግግሬን ቀጠልኩ። ሐዘንሽ ይገባኛል እናቴ አልኩ። ሞት ከእጃችን ውጭ ነው፣ በእጃችን ያለው እንዴት እንደምንቀበለው ብቻ ነው አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቃላቱን እያለሰለስኩ ሁለት ደቂቃ ያህል አወራሁ። ሳታቋርጠኝ እስክጨርስ ጠበቀች።

«ሞቱስ ይሁን» አለች ቀጥላ። «የወሰደው ሰውስ? እሱም ከእጄ ውጭ ነው?»

«የቱ ሰው እናቴ?»

«አንተ ከመጀመርህ በፊት ስሙን የምታስነግሩት። ባለ ሱቁ። ልጄን ከቤቴ የወሰደው እሱ ነው።»

ሣራን አየኋት፣ አየችኝ። በሁለት ጣቴ የመቀስ ምልክት አሳየኋት፤ ቁረጪው ማለት ነው። አልተንቀሳቀሰችም። ሴትዮዋ «አሁንም ሌሎች ልጆች...» ብላ ስትጀምር እጄን ዘርግቼ መስመሩን ራሴ ዘጋሁት። ከዚያ ወደ ማይኩ ጠጋ ብዬ «ይቅርታ፣ መስመሩ ተቋርጦብናል» አልኩ።

ያ ነው ውሸቴ። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ስለ መረጋጋት አወራሁ።

ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ብስለቴን አመሰገነ። ሣራ ሄድፎኗን አስቀምጣ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በእጄ ላይ አኖረች።

«መስመሩ አልተቋረጠም» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የዚያን ቀን የተናደድኩት በሴትዮዋ ነው። ያማረ ፕሮግራሜን አበላሸችው ብዬ። በቀጥታ ስርጭት ሰውን ያለ ማስረጃ መወንጀል ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም ብዬ። ወደ ቤቴ ስሄድ በልቤ ስመልስላት ነው የሄድኩት፤ ሎጂክ እያስተማርኳት፣ የክርክሯን ስሕተት በስሙ እየጠራሁ።

አርብ ረፋድ ላይ ክፍል ጨርሼ ስወጣ ስልኬ ጠራ። ነጋዴው ነበር። ከዚያ በፊት በቀጥታ ደውሎልኝ አያውቅም።

«መምህሬ፣ ትናንት ሰምቼሃለሁ። የሰለጠነ ሰው ማለት እንዳንተ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ሐዘን አእምሮዋን እንደነካው፣ እሱም በጣም እንደሚያዝንላት፣ ለቅሶዋ ላይም ተገኝቶ እንደነበር ነገረኝ። በሚመቸኝ ቀን ምሳ ሊጋብዘኝ እንደሚፈልግም።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ የመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች እያለፉ ሰላም ይሉኛል። ያ ሰው ያመሰገነኝ ለምንድን ነው? ምን ሠራሁለት? ስድስት ዓመት ስለ እውነት አስተምሬ፣ በመጨረሻ ያገለገልኩት እሱን ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ወደ ሴትዮዋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው ስልኩ ተዘጋ። እሷም መዝጋት ትችላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ሆመቾ ሄድኩ። የአበራ እናት ቤት የት ነው ብዬ ስጠይቅ ሰዎች ሳያቅማሙ ጠቆሙኝ። ከቤቷ ጓሮ እንሰት ሥር፣ ዘንበል ባለ ጣውላ ፊት ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሰላም አልኳት፣ በአማርኛ። ድምፄን ስትሰማ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተነሺልኝ ለማለትም፣ ወንበር ለመጠየቅም የማልችል ስለሆንኩ ቆምኩ።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ሐዘንሽንም ልካፈል ነው አልኳት። መፋቋን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«እንድታጽናናኝ አልደወልኩም» አለች። «ለማጽናናት ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። አንተ ጠይቁ ትላለህ። ጠየቅኩ። ዘጋህብኝ።»

ሳላስበው በሃዲይኛ መልስ መስጠት ጀመርኩ። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። የእኛው ልጅ መሆኔን አላወቀችም ነበር፤ በሬዲዮ ስትሰማኝ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው የመሰልኳት። ስታውቅ ንዴቷ ባሰ። የሌላ አገር ሰው ቢዘጋብኝ ይሻል ነበር አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያወራችኝን ሁሉ በቃሏ ልጽፈው አልችልም። ነጋዴው ዓመት ሙሉ በዚያ መንደር ሲመላለስ እንደነበር፣ አበራን በመልካም ቃልና በሥራ ተስፋ እንዴት እንደወሰደው፣ ሞቱ ሲሰማ ደግሞ ስኳር ተሸክሞ ለቅሶ እንደመጣና ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እንዳላት ነገረችኝ። ከሳሽ ሆኜ ልቁም ስል ምስክር የሚሆነኝ አጣሁ አለች። ሰው ሁሉ ይፈራዋል እንዳልል፣ አይፈሩትም፤ ይፈልጉታል። የነገ ልጃቸውን የሚልክላቸው እሱ ነው። አሁንም ከመንደሩ ሦስት ልጆች ሊነሡ ተዘጋጅተዋል። በሬዲዮ ልትናገር የፈለገችው ይህን ነበር፤ ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ይሰሙኛልና።

ከዚያ ቢላዋ የመሰለውን የቀርከሃ መፋቂያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሰው ሁሉ ታገሽ ይለኛል። እሱም ታገሽ አለኝ። አንተም። ይህ መታገሥ ለማን ነው የሚጠቅመው?»

ሎጂክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ለእሱ ነው የሚጠቅመው አልኳት። እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ አለች። የሚቀጥለው ሐሙስ ብደውልልሽ ታነሺዋለሽ ወይ ስላት፣ ከዘጋህብኝ ዳግመኛ ደጄን አትርገጥ ብላ ቁጥሬን እንድመዘግብላት ስልኳን ሰጠችኝ።

ሰኞ ለሣራ ነገርኳት። እኔ ብባረር ኮሌጁ አለ፤ እሷ ግን እንጀራዋ እዚያው ነው፣ ትንሽ ልጅም አላት። ስለዚህ በዚያ ቀን እንድትቀር ለመንኳት። «ብቀር የሚተካኝ ሰው ይቆርጠዋል» አለችኝ፤ «እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ስትቆርጥ አይቼ ዝም ብያለሁ።» ለሥራ አስኪያጁ የሳምንቱ ርዕስ ደስታ ነው ብዬ በጽሑፍ ሰጠሁት። ይህም ውሸት ነው፤ በዚህኛው ግን አላፍርም።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሣራ የስቱዲዮውን በር ከውስጥ ቆለፈች። ማስታወቂያውን አላጫወተችም። ቀዩ መብራት ሲበራ የተለማመድኩት መግቢያ ሁሉ ጠፋብኝ። እንዲህ ነው ያልኩት፦

«ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከሆመቾ ደውለው ነበር። መስመሩ ተቋርጦብናል አልኳችሁ። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። አሁን እኔ ልደውልላቸው ነው።»

ሁለት ጊዜ እስኪጠራ አንድ ዓመት ያህል ረዘመብኝ። አነሣች። ጥያቄዋን እንደገና እንድትጠይቅ ለመንኳት። ጠየቀች። መልስ ለመስጠት አልሞከርኩም፤ ልጇን ማን እንደወሰደው ብቻ ጠየቅኳት። ስሙን ጠራች፤ የአባቱን ስም ጨምራ።

ሥራ አስኪያጁ በተቆለፈው በር መስታወት በኩል ብቅ ሲል አየሁት። በሩን ደበደበ። በምልክት ቁረጡ አለ። ሣራ ጀርባዋን ሰጥታው እጇን በድምፅ ማቀላቀያው፣ በሚክሰሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። በዚህ መሐል የዘነበች አማርኛ አለቀባት። ንዴት ሲበዛባት ቃላቱ አልመጣ አሏት፤ ቆመች። በሃዲይኛ ተናገሪ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ አልኳት። ጣቢያው ለሃዲይኛ የራሱ ሰዓት አለው፤ በእኔ ፕሮግራም ግን አንድም ቀን ተነግሮ አያውቅም።

በሃዲይኛ ስትናገር ሌላ ሴት ሆነች። አላለቀሰችም። ሊሄዱ የተዘጋጁትን ሦስት ልጆች ስማቸውን ሳትጠራ፣ በእናቶቻቸው ቤት አቅጣጫ እየለየች አናገረቻቸው። መኪናው ውስጥ ከአበራ ጋር የነበረና የተረፈ ልጅ የነገራትን ነገረቻቸው፤ ብረቱን በጥፍራቸው እንደቧጨሩት። እኔ ያንን ወደ አማርኛ ስመልስ ያ ያማረው ድምፄ ተሰባበረ፤ ፍቄ ያጠፋሁት ቅላፄም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መጣ። አልገታሁትም። የመጨረሻው ቃሏ ይህ ነበር፦ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ቤታችሁ ሲመጣ፣ ስኳሩን መልሱለት።»

ከዚያ ቀዩ መብራት ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ከማሠራጫው ክፍል ቆርጦን ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የቆየነው። ስንወጣ ብዙ ሰው የሚተዳደርበትን ቤት አፈረሳችሁ ብሎ ጮኸብን፤ ፊቱ ላይ ግን ከቁጣው ይልቅ ፍርሃት ነበር። የዚያኑ ዕለት ከፕሮግራሙ ተሰናበትኩ። ሣራ ለአንድ ወር ታገደች፤ ሚክሰሩን እንደ እሷ የሚያውቅ ስላልተገኘ መልሰው አስገቧት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንድላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ከፕሮግራሙ በኋላ ሁለት ቤተሰቦች እኛም እንመሰክራለን ብለው ወጡ፤ ለፖሊስ ቃላችንን ሰጥተናል፣ ነገሩ እስከ ዛሬ በሒደት ላይ ነው፣ ነጋዴውም እስከ ዛሬ ሱቁን ይከፍታል። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ቀሩ። ሦስተኛው በሌላ ሰው በኩል ሄደ፣ በሰላምም ደረሰ፤ አሁን ለእናቱ ቤት እያሠራላት ነው። ከቀሩት የአንዱ እናት ደግሞ ልጇ ሥራ ፈትቶ ደጅ ለደጅ ሲዞር ባየች ቁጥር ዘነበችን ትረግማለች፤ እስከ ዛሬ አታነጋግራትም። ይህን ስትነግረኝ ዘነበች አልተከፋችም። ትርገመኝ፣ በሕይወት ያለ ልጅ አላት ነው ያለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ፍልስፍናን አልጠላሁም። ያ ስለ ትዕግሥት የተናገርኩት ሐሳብም ከንቱ አይደለም፤ እኔ ራሴ ስታመም ረድቶኛል። ሰው ለራሱ ሲለው አንድ ነገር ነው። ስኳር ተሸክሞ የመጣ ሰው ለሌላው ሲለው ግን ያው ዐረፍተ ነገር ቢላዋ ይሆናል። እኔ ደግሞ በሬዲዮ፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት፣ ማን ለማን እንደሚለው ሳልጠይቅ አከፋፈልኩት። አሁን ክፍል ውስጥ ማንኛውንም ትልቅ ሐሳብ ሳነሣ መጀመሪያ ተማሪዎቼን ይህን የሚለው ማን ነው፣ የሚባለውስ ለማን ነው እላቸዋለሁ። በሃዲይኛም በከምባትኛም እንዲመልሱ እፈቅዳለሁ፤ አንዳንዱ ልጅ በአማርኛ ዝም ብሎ ቆይቶ በቤቱ ቋንቋ ሲናገር ክፍሉን ጸጥ ያሰኘዋል።

ሰዎች ደግሞ ንዴትህን ተወው፣ ለጤናህም አይሆንም ይሉኛል። ወዳጆቼ ናቸው፣ ለእኔ አስበው ነው። እናንተም እንደዚያ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ደህና ነገር ቢኖር ተረጋግቼ ያልሠራሁት ነው።

ባለፈው ወር ነጋዴውን መናኸሪያው አጠገብ ፊት ለፊት ገጠምኩት። ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። በእኛ ከተማ የተዘረጋ እጅ አይተውም፤ ተጣልተውም ይጨባበጣሉ፣ አድገን ያየነው እንደዚያ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ አቆየሁት። ሰዎቹ ተያዩ። የእሱ እጅ ጥቂት አየር ላይ ቆይቶ ወረደ።

«መምህሬ፣ አንተ እኮ የተማርክ ሰው ነህ» አለኝ ለስለስ ብሎ። «አሁንም ይቅር አላልከኝም?»

«እኔ ይቅር የምልህ ነገር የለኝም» አልኩት። «ወይዘሮ ዘነበችን ጠይቃት። ቤቷን ታውቀዋለህ።»